ለንግድ ሥራ የሚስማማውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ስለ መምረጥ

ነጋዴ ሚዛን ሲገዛ አስቀድሞ የሚመዝነውን ነገር ያስባል። ወርቅ የሚመዝን ሰው የእህል ሚዛን አይገዛም፤ እህል የሚመዝንም በወርቅ ሚዛን ኩንታል አይሰቅልም። ሁለቱም ሚዛኖች በየቦታቸው እውነተኞች ናቸው፤ ያለ ቦታቸው የገቡ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም ባለቤታቸውን ያከስራሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ ወይም በውጭ ስሙ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባለው መሣሪያ ዛሬ በእጅ ስልክ አማካይነት በየመደብሩ እየገባ ስለ ሆነ፤ አመራረጡም እንደ ሚዛን አመራረጥ ሊታሰብበት ይገባል።

ብዙ ሰዎች «ከእነዚህ መሣሪያዎች የቱ ይሻላል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ግን ሙሉ አይደለም። «ለየትኛው ሥራ የቱ ይሻላል? ቢሳሳትስ ኪሳራው የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው መልስ የሚገኝለት። የዚህ ትምህርት ዓላማ አስመጪው፤ ላኪውና ባለ ሱቁ ይህን ጥያቄ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው እንዲመልሱ ማስቻል ነው። ምሳሌዎቹን የምናመጣው በሰሜን ሸዋ ከሚገኙት ከመንዝ፤ ከግሼና ከመርሐቤቴ የንግድ ሥራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት፤ የፈረንጅ ነው ካልተባለ በቀር፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከደጋው አገር ምን ይወጣል ቢባል፤ የመንዝ በግ፤ ከጠጉሩም ተፈትሎ የሚሠራው ባና፤ ምንጣፍና በርኖስ፤ እንደዚሁም ገብስ፤ ባቄላና ምስር ነው። ከመርሐቤቴ ጤፍና ማሽላ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው፤ ከደብረ ብርሃን፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ይጠይቃል። ከባሕር ማዶ የጠየቀው ገዢ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዋጋ ማቅረቢያ ቶሎ ካልደረሰው ወደ ሌላ ሻጭ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ የመሐል ሜዳ ወይም የዓለም ከተማ ነጋዴ ዕቃው መልካም ሆኖ ሳለ በደብዳቤ ምክንያት ገበያ ያጣል፤ ወይም ደብዳቤውን ለሚጽፍለት ደላላ ከትርፉ ያካፍላል። መሣሪያው በሚገባ ከተመረጠ ይህን ችግር ያቃልላል፤ በሚገባ ካልተመረጠ ግን ያልነበረውን ሌላ ችግር ይጨምራል።

1ኛ/ መሣሪያው ምን ዐይነት ነገር ነው?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለው ስም ብዙ ዐይነት መሣሪያዎችን ያጠቃልላል። በሰፊው የታወቀው በጽሑፍ የሚጠይቁትና በጽሑፍ የሚመልሰው ነው። ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቻትጂፒቲን በኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከከፈተ ወዲህ የጉግል ጄሚኒ፤ የአንትሮፒክ ክሎድ፤ የማይክሮሶፍት ኮፓይለትና ሌሎችም ተከትለው ወጥተዋል።

እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደርጎ፤ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የትኛው ሊሆን እንደሚችል መገመትን እንዲለምዱ በማድረግ ነው። ከዚህ አሠራር ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

የመጀመሪያው፤ የንግግሩ ማማር የእውነትነቱ ምልክት አለመሆኑ ነው። መሣሪያው የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ዐይነት ቃና ይናገራል። በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች አቪያንካ ከተባለው አየር መንገድ ጋር በነበረ ክርክር ቻትጂፒቲ ፈጥሮ የሰጣቸውን፤ ከቶ ያልነበሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛው ጠቅሰው በመገኘታቸው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ከጽሕፈት ቤታቸው ጋር 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የተማሩት ጠበቆች በዚህ ከተያዙ፤ ነጋዴ ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው፤ ያነበበው ጽሑፍ በአንድ ቀን ላይ የሚያበቃ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የወጣውን መመሪያም ሆነ የተለወጠውን ዋጋ፤ ኢንተርኔት ገብቶ እንዲፈልግ ካልተደረገ በቀር፤ አያውቅም።

ሦስተኛው፤ ያነበበው በብዛት እንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል ውክፔዲያ የተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት በእንግሊዝኛ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት፤ የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ደግሞም መሣሪያው ጽሑፍን የሚያነበው በትንንሽ ቁራጭ እየከፋፈለ ስለ ሆነና የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ወደ ብዙ ቁራጭ ስለሚከፋፈል፤ አንድ ዐይነት ደብዳቤ በአማርኛ ሲሰጠው ከእንግሊዝኛው የበለጠ ቦታ ይይዛል። በአጠቃቀም ልክ በሚከፈልበት አገልግሎት ይህ ዋጋውንም ያበዛል።

2ኛ/ ከመሣሪያው በፊት ሥራውን መጻፍ

መሣሪያ ከመምረጡ በፊት ነጋዴው ለአንድ ሳምንት ያህል በቤቱ የሚሠራውን የወረቀት ሥራ ሁሉ በመዝገብ ላይ ይጻፍ። በመዝገቡም አራት መስመር ያስምር። በመጀመሪያው መስመር የሥራውን ዐይነት፤ በሁለተኛው በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሠራ፤ በሦስተኛው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፤ በአራተኛው ደግሞ ስሕተት ቢገኝበት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያሳጣ ያስፍር። አራተኛው መስመር ከሁሉ ይበልጣል።

አንድ ባና ነጋዴ በመሐል ሜዳ አለ እንበል። ለገዢ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋል፤ ስሕተት ቢገኝበት ኪሳራው ትንሽ ነው። የዋጋ ማቅረቢያ ይጽፋል፤ በቁጥር ላይ ስሕተት ቢገኝ የአንድ ጭነት ትርፍ ይሄዳል። አንድ ላኪ ደግሞ ለባንክ የሚቀርብ የሌተር ኦፍ ክሬዲት ወረቀት ያዘጋጃል፤ በዚህ ላይ ስሕተት ቢገኝ የጭነቱ ሙሉ ዋጋ ሊታገድበት ይችላል። በዓለም ከተማ ያለው ባለ ሱቅ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገው የዱቤ መዝገቡን በትክክል መያዝ ሊሆን ይችላል።

ሥራው እንዲህ ከተጻፈ በኋላ በሦስት ክፍል ይመደባል። ስሕተቱ የማይጎዳው ሥራ ለመሣሪያው ሊተው ይችላል። ስሕተቱ የሚታይና የሚታረም የሆነው ሥራ በመሣሪያው ተረቅቆ በሰው ይታረማል። ስሕተቱ የማይታይና ብዙ ገንዘብ የሚያሳጣ የሆነው ግን በሰው ተሠርቶ፤ መሣሪያው ምናልባት ለማመሳከር ብቻ ይግባ። ይህን ክፍፍል ያላደረገ ሰው የትኛውንም መሣሪያ ቢገዛ በዕድል የሚሠራ ነው።

3ኛ/ ለየትኛው ሥራ የትኛው መሣሪያ?

ሀ/ ደብዳቤ ለመጻፍ። ለዚህ የሚስማሙት ከላይ የጠቀስናቸው የጽሑፍ ረዳቶች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ለተራ የንግድ ደብዳቤ ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ይልቁንም የአጠያየቁ ሁኔታ ነው። «ስለ ባና ደብዳቤ ጻፍልኝ» ብሎ የጠየቀ ሰው ያማረና ባዶ ደብዳቤ ያገኛል። በዚህ ፈንታ እንዲህ ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል፦

«ለውጭ አገር ዕቃ አስመጪ የሚላክ አጭር ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ። ዕቃው በመንዝ ደጋ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው፤ የአገር ስሙ ባና ይባላል። ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ቀለም አልተነከረም። በእጄ ያለው 60 ነው። የምልክለት ናሙና 2 ነው። ዋጋ አትጥቀስ። እኔ ያልነገርሁህን የዕቃ ጠባይ ወይም የምስክር ወረቀት አትጨምር።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ያለ ምክንያት አልገባም። እነዚህ መሣሪያዎች የዕቃ ማስታወቂያ ሲጽፉ፤ ሌሎች ሻጮች ሲሉት ያነበቡትን «ለስላሳ»፤ «ጥራቱ የተመሰከረለት»፤ «ከኬሚካል ነጻ» የመሰለውን ቃል ይጨምራሉ። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ ለስላሳ ነው ብሎ ቢልክ፤ ገዢው ጭነቱን ለመመለስ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ለ/ ለትርጉም። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ነው። ለአማርኛና ለትግርኛ ትርጉም ተብሎም ልሳን የተሰኘ አገልግሎት ተሠርቷል። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት ተቋቁሞ ኋላ ኢንስቲትዩት የሆነው የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ላይ ይሠራል። የመጣ ደብዳቤ ምን እንደሚል በግርድፉ ለመረዳት የትርጉም መሣሪያ ይበቃል። ለሚላክ ደብዳቤ ግን ነገሩን ማብራራት የሚቻልበት የጽሑፍ ረዳት ይመረጣል። አማርኛችን በጽሑፍ ጊዜ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ስለማይለይ፤ «ገና» የሚለው ቃል የልደት በዓልም፤ ጊዜው አልደረሰም ማለትም ይሆናል፤ «ዋና» የሚለውም ተቀዳሚ ማለትም፤ በውኃ ላይ መዋኘትም ይሆናል። ሰው ከነገሩ አካሄድ ይለየዋል፤ መሣሪያው ግን አጭር ዐረፍተ ነገር ብቻ የተሰጠው እንደ ሆነ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ለትርጉም የሚሰጥ አማርኛ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሁን፤ «ገና አልደረሰም» ከማለት ይልቅ «ዕቃው እስከ ዛሬ ድረስ አልደረሰም» ይባል።

ሐ/ ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ። በስልክ ላይ አማርኛ እየተናገሩ ማስጻፍ በጉግል በኩል የተጀመረው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። መተየብ ለሚያስቸግረው ነጋዴ ትልቅ እርዳታ ነው። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ እጅግ የተሳካለት መሣሪያ በአማርኛ ደካማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የገበያ ጫጫታ ሲጨመርበትም ይብሳል። ስለዚህ በንግግር የተጻፈ ቁጥርና ስም ሁሉ በዐይን ታይቶ ይታረም።

መ/ ፎቶግራፍ የተነሣ ወረቀት ለማንበብ። ከውጭ የመጣን የዕቃ መግለጫ፤ የመድኃኒት ወይም የማሽን መመሪያ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስነበብ ይቻላል። የታተመ ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። በእጅ የተጻፈ የአማርኛ ደረሰኝ ላይ ግን እምነት አይጣልበት።

ሠ/ ለሒሳብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቃል በመገመት የሚሠራ መሣሪያ የቁጥር ሥራ ተፈጥሮው አይደለም። አንዳንዶቹ በውስጣቸው የሒሳብ ማስሊያ እየጠሩ የሚሠሩ ቢሆኑም፤ ማስሊያውን መጥራቱንና አለመጥራቱን ነጋዴው ሁልጊዜ አያየውም። ለዱቤ መዝገብ፤ ለዕቃ ክምችትና ለወር ሒሳብ የሚበልጠው የታወቀው ኤክሴል ወይም የሒሳብ ማስሊያ ነው። ትክክለኛው ምርጫ አንዳንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አለመምረጥ መሆኑን ማወቅም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው።

4ኛ/ መሣሪያውን ስለ መፈተን

እህል የሚገዛ ነጋዴ ከጆንያው መካከል ዘግኖ ያያል። መሣሪያም እንዲሁ መልሱን አስቀድመን በምናውቀው ጥያቄ ይፈተናል። የሚከተሉትን አምስት ፈተናዎች ማንም ሰው በግማሽ ሰዓት ሊፈጽማቸው ይችላል።

የቀን ፈተና፦ «መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረንጅ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ትክክለኛው መልስ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 ነው። ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ይህን ያላስተዋለ መሣሪያ ሴፕቴምበር 15 ብሎ ይመልሳል። አንድ ቀን ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚያልፍበት ቀን በአንድ ቀን ቢሳት ባንኩ ወረቀቱን አይቀበልም።

የአገር ፈተና፦ «ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማና ወደ መሐል ሜዳ በየት በኩል ይኬዳል?» ተብሎ ይጠየቅ። ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ከሙከ ጡሪ ተገንጥሎ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ነው፤ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው ደግሞ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ነው። ሁለቱንም በአንድ መንገድ የሚያስኬድ መሣሪያ የማጓጓዣ ዋጋ እንዲገምት ሊጠየቅ አይገባውም። እንደዚሁም «የግሼ ራቤል፤ የመንዝ ማማና የመንዝ ጌራ ከተሞች እነማን ናቸው?» ቢባል፤ ራቤል፤ ሞላሌና መሐል ሜዳ ብሎ መመለስ አለበት።

የሕግ ፈተና፦ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዐይነት የውጭ ዕቃዎች ሌተር ኦፍ ክሬዲት እንዳይከፈት ከልክሎ ነበር። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራር ሲለወጥ ይህ ክልከላ ተነሥቷል። ንባቡ በነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያበቃ መሣሪያ ዕቃው የተከለከለ ነው ብሎ በሙሉ ልብ ይናገራል፤ እርሱን ያመነ አስመጪም ገበያውን ለሌላ ይለቃል። ስለዚህ መሣሪያው ስለ መመሪያ ሲመልስ «ይህ መመሪያ የወጣው መቼ ነው? ጽሑፉስ ከየት ይገኛል?» ተብሎ ይጠየቅ። ምንጩን ማሳየት ካልቻለ፤ ወይም ያሳየው ምንጭ ተከፍቶ ካልተገኘ፤ መልሱ እንዳልተሰጠ ይቆጠር። የመጨረሻው ቃል ምንጊዜም የብሔራዊ ባንክ፤ የጉምሩክ ኮሚሽንና የገቢዎች ሚኒስቴር ጽሑፍ ነው።

የሒሳብ ፈተና፦ «37 ኩንታል ምስር፤ ኩንታሉ በ8,450 ብር ተሸጦ፤ ለማጓጓዣ በኩንታል 185 ብር ቢቀነስ ስንት ይቀራል?» ይባል። ዋጋው ለምሳሌ ያህል የተሰጠ ነው። የሽያጩ ጠቅላላ 312,650 ብር፤ ማጓጓዣው 6,845 ብር፤ የሚቀረው 305,805 ብር ነው። ጥያቄው ቁጥሩ እየተለወጠ አምስት ጊዜ ይደጋገም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሳተ መሣሪያ በገንዘብ ሥራ ላይ ብቻውን አይቀመጥም።

የስም ፈተና፦ የንግድ ቤታችሁን ስም በአማርኛ ሰጥታችሁ በላቲን ፊደል እንዲጽፍ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ጠይቁት። መሐል ሜዳ፤ መርሐቤቴ፤ ገብረ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ አጻጻፍ ስለሚጻፉ፤ መሣሪያው ዛሬ የጻፈውን ነገ ላይደግመው ይችላል። በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ወጥቶ ከሰኔ 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ፤ ይኸውም ዩ.ሲ.ፒ. 600 የተባለው፤ ባንክ የሚመለከተው ወረቀቱን እንጂ ዕቃውን አለመሆኑን ይናገራል። በደረሰኙና በጭነት ማስረጃው ላይ ስሙ የተለያየ ሆኖ ቢገኝ ክፍያው ሊዘገይ ወይም ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ በወረቀት ተጽፎ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ለመሣሪያውም ሁልጊዜ እንዳለ ይሰጠው።

5ኛ/ ስለ ምሥጢር

ለመሣሪያው የተጻፈለት ነገር በስልኩ ውስጥ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በውጭ አገር ወዳለው የኩባንያው ማሽን ይሄዳል። ከአንዳንዶቹ አገልግሎቶች ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረትም ወደ ፊት ለማሠልጠኛ ሊውል ይችላል። በደቡብ ኮርያ የሳምሰንግ ሠራተኞች የኩባንያውን የምሥጢር ጽሑፍ በቻትጂፒቲ ውስጥ ማስገባታቸው በመታወቁ፤ ኩባንያው በ2015 ዓ.ም. ሠራተኞቹ እንዲህ ያለውን መሣሪያ እንዳይጠቀሙ ከልክሎ ነበር።

የነጋዴ ምሥጢር የገዢዎቹ ዝርዝርና የመግዣ ዋጋው ነው። ስለዚህ የደምበኛ ስምና የስልክ ቁጥር፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፤ የቴሌብር ምሥጢር ቁጥር፤ የመታወቂያና የፓስፖርት ቅጂ፤ እንዲሁም ትክክለኛው የመግዣ ዋጋ ለመሣሪያው አይሰጥ። ደብዳቤው «ገዢ ሀ» ተብሎ ይረቀቅና ስሙ ኋላ በእጅ ይግባ። አገልግሎቱ ጽሑፉን ለማሠልጠኛ እንዳያውለው የሚያዝ ማስተካከያ እንዳለውም ይታይ። ይህ ጥንቃቄ ለራስ ጥቅም ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሌላን ሰው የግል መረጃ በእጁ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በዱቤ መዝገብ ውስጥ የተጻፈው የገበሬው ስምና ስልክ የገበሬው ንብረት መሆኑ አይዘንጋ።

6ኛ/ ስለ ዋጋ

የታወቁት የጽሑፍ ረዳቶች ያለ ክፍያ የሚሰጡት አገልግሎት አላቸው። የሚከፈልበት ዐይነታቸው በወር 20 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። ይህ ገንዘብ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፤ ዶላሩ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፤ 1,140 ብር ያህል ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ስላለፈ፤ ክፍያው ከ2,000 ብር በላይ ሆኗል። ከዚህም በላይ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚፈጸም ስለ ሆነ ለባለ ሱቅ አይመችም።

እንግዲህ በሳምንት አራት አምስት ደብዳቤ ለሚጽፍ ነጋዴ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ይበቃዋል። ክፍያ የሚገባው በሁለተኛው ክፍል በተዘጋጀው መዝገብ መሠረት፤ መሣሪያው በወር የሚያተርፈው የሥራ ሰዓት ከክፍያው በልጦ ሲገኝ ነው። በደጋው አገር የኢንተርኔት መስመርና መብራት በሚቋረጥባቸው ቀኖች መሣሪያው ምን ያህል እንደሚያገለግል መታሰብ አለበት። መስመር በጠፋ ቀን ዋጋ ማቅረብ የማይችል የንግድ ቤት መሣሪያ አገኘ አይባልም፤ ስለዚህ በመሣሪያው የተዘጋጁና የታረሙ የደብዳቤ ናሙናዎች በወረቀት ታትመው በፋይል ይቀመጡ። «ከኢትዮጵያ የመጣ ልዩ መሣሪያ» እያሉ ያለ ክፍያ የሚገኘውን አገልግሎት በብር የሚሸጡ ሰዎች ቢመጡም፤ ሻጩ ማን እንደ ሆነ፤ መሣሪያውም በውስጡ የማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ገንዘብ አይከፈል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ።

7ኛ/ ኀላፊነቱ የፈራሚው ነው

በካናዳ አንድ መንገደኛ ኤር ካናዳ የተባለውን አየር መንገድ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ያቆመውን መላሽ መሣሪያ ስለ ሐዘን ጉዞ ቅናሽ ጠየቀው። መሣሪያውም ቅናሹን ከጉዞ በኋላ መጠየቅ ይቻላል ብሎ መለሰለት፤ የኩባንያው ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ኩባንያው መሣሪያው ለተናገረው እኔ አልጠየቅም የሚል መከራከሪያ ቢያቀርብም፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳኝነት መከራከሪያውን ሳይቀበል ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። በንግድ ቤቱ ስም የወጣ ቃል፤ ሰው ይጻፈው መሣሪያ፤ የንግድ ቤቱ ቃል ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የንግድ ቤት መሣሪያውን ሥራ ላይ ሲያውል አንድ ሰው በስሙ ይመድብ። ያ ሰው በመሣሪያው የተረቀቀውን እያንዳንዱን ወረቀት ስምን፤ ቀንን፤ መጠንን፤ ዋጋንና የክፍያ ሁኔታን በጣቱ እየነካ አንብቦ ካልፈረመበት በቀር ደብዳቤው ከቤት አይውጣ። የጸሐፊ ሥራ መሣሪያው በመምጣቱ የሚቀር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን የሚቀለው መጻፉ ነው፤ ማንበቡና ማመሳከሩ ይጨምራል። ለዚህም ዕቃውን የሚያውቅ፤ ገዢውን የሚያውቅ፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን በአጭሩ ለመያዝ ያህል፦ አስቀድሞ ሥራውን በመዝገብ መጻፍ፤ ሥራውን በስሕተቱ ዋጋ መክፈል፤ ለደብዳቤ የጽሑፍ ረዳት፤ ለግርድፍ መረዳት የትርጉም መሣሪያ፤ ለሒሳብ ማስሊያ መምረጥ፤ መልሱን በሚያውቁት ጥያቄ መፈተን፤ የደምበኛን ስምና የመግዣ ዋጋን አለመስጠት፤ ያለ ክፍያ የሚገኘውን አሟጦ ሳይጠቀሙ አለመክፈል፤ በመጨረሻም ሳያነቡ አለመፈረም ነው።

በሞላሌ ገበያ ላይ ባና የሚገዛ ሰው በእጁ ሳይዳስስ፤ በብርሃን ላይ ዘርግቶ ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም። ይህ ልማድ ከአባቶች የተገኘ የንግድ ዕውቀት ነው፤ ለአዲሱም መሣሪያ ከእርሱ የተሻለ መመሪያ አይገኝም። በሚመጣው ሳምንት የገበያ ቀን ሲያልፍ ክቡራን አንባብያን የሥራ መዝገባችሁን አራት መስመር አስምራችሁ ብትጀምሩ፤ የትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልጋችሁ መዝገቡ ራሱ ይነግራችኋል።